ፊልም ሸፋኙ ወርቁ

ከጁባ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ኒሙሌ የሚነዳ ሹፌር ሁሉ ወርቁን ያውቀዋል። ጎማው ባይተነፍስበት እንኳ ጥሩምባውን ነፍቶ ሰላም ሳይለው አያልፍም። ጉምቦ ውስጥ፣ ከእኔ ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ በአንድ ኮምፕሬሰርና በሁለት ክሪክ የሚሠራ ጎሚስታ ነው። የደፈነው ጎማ አየር ካስወጣ ራሱ ቦዳ የሚሉትን ሞተር ብስክሌት ተሳፍሮ ደንበኛውን ፍለጋ የሚሄድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጎሚስታ አዲስ አበባም አላየሁ፣ ጁባም አላየሁ።

እኔ ሰገነት እባላለሁ፤ ሽሮና ጥብስ እሸጣለሁ። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን የለም። ዓርብ ዓርብ ሆን ብሎ ጥብስ ያዝዘኛል። እኔም፣ «ለካዋጃ፣ ለፈረንጁ እንጂ ለሐበሻ በፆም ቀን ሥጋ አልሠራም፤ ከፈለግህ ሽሮህን ብላ» እለዋለሁ። እየሳቀ ይበላል። በስደት አገር ዘመድ ማለት እንዲህ በየቀኑ የምትነታረከው ሰው ነው፤ የባሰ አታምጣ።

ወርቁ ከጎማው ሌላ አንድ ሥራ ነበረው። ጉምቦ አጠገብ ባለው በሸሪካት ሰፈር የነሱ ኅብረት በወር አንድ እሁድ፣ ከአምልኮው በኋላ፣ ፊልም ያሳያል። ፕሮጀክተሩን ከምእመናኑ አንዱ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት ተውሶ ያመጣዋል። ፀሐይ እንዳትገባ የአዳራሹን ዙሪያ በጥቁር ላስቲክ ይጋርዱታል፤ ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ያም ሆኖ እሁድ ከሰዓት ከቢራና ከካርታ ሌላ መዋያ ስለሌለ፣ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም እኩል ይጋፋል። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ፤ ለፊልሙ እንጂ ለስብከቱ አይደለም።

አንድ ጊዜ መንፈሳዊ ነው ተብሎ በመጣ ፊልም መካከል ወንዱና ሴቲቱ መሳሳም ጀመሩ። ወንጌላዊ ተካልኝ ዘለው ተነሡና ግድግዳው ላይ የተወጠረውን አንሶላ በሁለት እጃቸው አቀፉ። መሳሳሙ ግን በሳቸው ነጭ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ቀጠለ። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌዎቹ ለወርቁ ኃላፊነት ሰጡት፤ የማይገባ ነገር ሲመጣ ብርሃኑን እንዲሸፍን።

ሥራውን እንደ ጎማው ነው የያዘው። ሐሙስ ሲዲውን ይወስዳል፤ ብቻውን ሦስት ጊዜ ያየዋል፤ መሸፈን ያለበትን ደቂቃ በደብተር ይጽፋል። እሁድ ፕሮጀክተሩ አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ከጎማ መለጠፊያ ሣጥን የቆረጣትን ካርቶን ይዞ ይጠብቃል። አንድም ቀን እጁ አልዘገየም፣ አልቸኮለምም። የሚሸፍነው ግን ሥዕሉን ብቻ ነው። ድምፁ ከተቆረጠ የታሪኩ ነገር ስለሚጠፋ ሽማግሌዎቹ ድምፁ ይቀጥል ብለዋል። ስለዚህ አዳራሹ ድንገት ይጨልማል፣ እኛም ጨለማ ውስጥ ሆነን የማይገባውን ነገር እንሰማለን።

«ወርቁ፣ የሁላችንን ኃጢአት አንተ ብቻ አየኸው እኮ! እኛ ገነት ስንገባ አንተ በር ላይ ልትቀር ነው» ብዬ ብቀልድበት፣ «ጎሚስታ አይደለሁ እህቴ፣ ቀዳዳ መድፈን ሥራዬ ነው» አለኝ። ይኮራበት ነበር። ሰው በትንሽ ነገር ሲኮራ ማየት ደስ ይላል።

ኢዩኤል ታናሽ ወንድሙ ነው። እናታቸው ስትሞት ልጁ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ወርቁ ነው በጎማ ሥራ ያሳደገው። እዚህ የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰላም ከተፈረመ ሦስት ዓመት ሲሆነው ከሐዋሳ አስመጣውና የውሃ ቦቴ መንዳት ጀመረ። ከነጭ ዓባይ ይቀዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ካቶር የሚባለውን ሰፈር እየዞረ ያከፋፍላል። አረብኛውን በሁለት ወር አንደበቱ ላይ አደረገው። የካቶር ሴቶች ውሃ ስለሚያመጣላቸው «ኢዩኤል ሞዮ»፣ ኢዩኤል ውሃ፣ ይሉት ነበር። መስኮቱን ከፍቶ እየዘፈነ ሲያልፍ መጥበሻዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ የማየው ልጅ ነበር። ወልጄ አላውቅም፤ ብወልድ ግን እንደሱ ያለ ነበር የምፈልገው።

አንድ ክረምት ወንዙ ዳር ተራ ሲጠብቅ፣ ጭቃ ያንሸራተተው ሌላ ቦቴ ወደ ኋላ መጥቶ እግሩን ከራሱ መኪና ጋር አጣበቀው። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ጄሶ ታስሮለት ሦስት ወር ተኛ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ሰፈሩ አይተኛም ነበር። መድኃኒት ቤት ያለ አንድ ሰው የሕመም መርፌ ይወጋው ጀመር፤ ወርቁም «ተመስገን፣ ልጁ አረፈልኝ» ብሎ ሰውየውን ምሳ ጋበዘው። እኔው ቤት ነው የጋበዘው። ከጥብሱ ጮማውን መርጬ ያቀረብኩለት እኔ ነኝ።

ጄሶው ተፈታ፣ እግሩ ዳነ፣ መርፌው ግን አልቀረም።

መጀመሪያ ያየሁት እጅጌውን ነው። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ መልበስ ጀመረ። ቀጥሎ ሰሐን ላይ ማንቀላፋት መጣ። ከዚያ ባለቤቶቹ ቦቴውን ነጠቁት። ከዚያ የወርቁ አንዱ ክሪክ ጠፋ፤ ወርቁም ለደንበኞቹ «ተበላሽቶብኝ ነው» አለ። ስልኩ ጠፋ፣ ጫማው ጠፋ። በጁባ መርፌውን የሚከለክል ሰው የለም፤ ፓናዶል በሚሸጥበት መስኮት ነው የሚሸጠው።

ያልሞከርነው የለም። ሐኪም ቤት ይዘነው ሄድን፤ ዶክተሩ ደግ ሰው ነበር፣ «ማለሽ፣ ይቅርታ፣ ለዚህ የሚሆን ክፍል የለንም። ወለሉን የሞሉትን ወባ የያዛቸውን ሕፃናት አያችሁ አይደል?» አለን። አየን፣ አፍረን ወጣን። ወርቁ ሦስት ቀን ፆመ። ኅብረቱ እጅ ጭኖ ጸለየለት፤ አራት ቀን ደህና ሆነና በአምስተኛው ጠፋ። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሃይላንድ ያስመጣሁትን ፀበል በሻዩ ውስጥ ቀላቅዬ አጠጣሁት። ወርቁ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ቢያውቅ ይገለኛል።

ደቡቡ ከሰሜኑ የሚለይበት ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ሦስት ወር ሲቀረው ኢዩኤል ራሱ አንድ ጠዋት መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ እሰረኝ» አለው። ወርቁ መጀመሪያ አልገባውም። ልጁ ከአሮጌ ጎማ የተቀደደ ረጅም ቁራጭ አንሥቶ ሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱ እግር ከወርቁ እግር ጋር ታስሮ አንድ ፍራሽ ላይ ይተኙ ነበር። ሲያስመልሰው፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ «ግደለኝ» ብሎ ሲጮኽ ከመንገዱ ማዶ እሰማለሁ። ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዤ እሻገራለሁ። ወርቁ ቀን ቀን ጎማ እየፈታ ዓይኑ በሩ ላይ ነው፤ ከስቶ ቀበቶው ዞረበት። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኢዩኤል ሁለት እንጀራ በላ። በሃያኛው ቀን ጎማ ሲነፋ አየሁት። ደጄ ላይ ቆሜ እልል አልኩ።

እና በዚያው ሳምንት ፊልሙ መጣ።

ወንጌላዊ ተካልኝ ናቸው ከአዲስ አበባ ያስመጡት። አማርኛ ፊልም ነው፤ በመድኃኒት ሱስ ስለተበላሸ ወጣት። ወርቁ እንደ ልማዱ ሐሙስ ወስዶ አየው። ዓርብ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ መጣና ያለ ሰላምታ ተቀመጠ።

«ሰገነት፣ ይኼን ፊልም እግዚአብሔር ነው ያመጣው።»

«ምን አየህ?»

«ልጁ መጨረሻ ላይ ይሞታል። ቦይ ውስጥ ወድቆ። እናቱ ነች አግኝታ የምታጥበው። ኢዩኤል ያንን ካየ ዳግመኛ ወደ መርፌ አይዞርም።»

«አንተ ሰው፣ ገና ሃያ ቀኑ ነው። ቅርፊት ያበጀ ቁስል ለምን ትነካካለህ?»

«እኔ ነኝ ሌሊት ሌሊት ፊቱን የማየው። አሁንም ያስበዋል። ካልፈራ አይድንም።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ። ፊቱን አይቼ እምቢ ማለት አቃተኝ። ፊልሙ ውስጥ አራት ቦታ ልጁ ሲወጋ ያሳያል፤ ወንጌላዊው ወጣቱ እንዳይማርበት አራቱም ይሸፈን ብለዋል። ስለዚህ ወርቁ ከፕሮጀክተሩ መነሣት አይችልም። «ከጎኑ አንቺ ተቀመጪልኝ። ዓይንሽን ከሱ ላይ እንዳታነሺ» አለኝ። «በእመብርሃን!» ብዬ ማልኩለት። ያን ቀን ስለ መሐላዬ አልተከራከረኝም።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ኢዩኤል ተላጭቶ፣ የወርቁን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ላስቲኩ ሥር፣ ከዳር ያለውን ወንበር መረጠ፤ «ሙቀቱን አልችለውም እትዬ» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ጥሩ ነበር፤ ያ ነው ክፋቱ። ልጁ መልከ መልካም፣ እናቱ ደግሞ የሁላችንም እናት የምትመስል ሴት። ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሰው አፍንጫውን መጥረግ ጀመረ። የመዘምራኑ መሪ የኔነሽ ከፊታችን ሆና ድምፅ አውጥታ ታለቅስ ነበር። ልጁ የእናቱን ወርቅ ሲሰርቅ አንድ ትልቅ ሰው፣ «ኧረ ተው ልጄ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ የመጀመሪያው ካርቶን መጣ። አዳራሹ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ የመርፌው መድኃኒት ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አንገቷ ሲሰበር ቀጭ አለች። ቀጥሎ ትንፋሽ፤ ረጅም፣ ዕረፍት ያገኘ ሰው ትንፋሽ። የኢዩኤል ጉልበት ከጉልበቴ ጋር ተነካክቶ ነበርና ሲዘል ተሰማኝ። «ምነው?» አልኩት። «ደህና ነኝ እትዬ።» በሁለተኛው ጨለማ እጁን ያዝኩት፤ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኗል። በሦስተኛው እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣ፣ «ላብ ነው» ብሎ።

ከዚያ እናቲቱ የልጇን ፎቶ ይዛ አንድ በአንድ መንገደኛውን ስትጠይቅ አሳዩ። አንዱ ፎቶውን ሳያይ ገፍትሯት አለፈ። እኔ በቀላሉ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ባሌንም ስቀብር ሰው «ልቧ ድንጋይ ነው» ብሎ አምቶኛል። ያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ተንሰቀሰቅኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ እኔን ነው ያሉት። አራተኛው ጨለማ መጥቶ ሄደ። ነጠላዬን ሳነሣ ወንበሩ ባዶ ነው። የላስቲኩ ጫፍ ተገልቦ ፀሐይ በስንዝር ያህል ገብታለች።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ወዲያው አልተነሣሁም። ለሽንት ወጥቶ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ግን እንደዚያ አልነበረም። እናቲቱ ልጇን ልታገኘው ነበር፤ መጨረሻውን ማየት ፈልጌ ነበር። ሬሳውን አቅፋ እስክትቀመጥ ድረስ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ነው ወርቁ ጋ የሄድኩት። «የለም» አልኩት። ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ። ብድግ ሲል ጥላው አንሶላውን በሙሉ ሸፈነው። ሕዝቡ በለቅሶው መሀል፣ «ወንድም፣ ተቀመጥ!»፣ «ኧረ ከለልከን!» እያለ ጮኸበት። የሞተውን ልጅ በደንብ ማየት ፈልገው ነበር።

ከሸሪካት እስከ ጉምቦ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ ጠየቅን። ቦዳ የሚነዱትን ጠየቅን። ሁሉም «ማ ፊ፣ ማ ፊ»፣ የለም፣ ይለናል። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አንድ ኮንቴይነር ጀርባ አገኘነው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ የነጩን ሸሚዝ እጅጌ ጠቅልሎ ተቀምጧል። ፊቱ የሕፃን ፊት ሆኗል። «ወንድሜ፣ አትቆጣኝ» አለ። ወርቁ አልተቆጣም፤ እጅጌውን ወደ ታች መለሰለትና ትከሻው ላይ ጣለው።

ስንመለስ ሰው ከአዳራሹ ገና እየወጣ ነበር፤ ጸሎቱ ረዝሞ ነው። ዓይናቸው አብጧል፣ መሐረብ በእጃቸው ነው። ኢዩኤልን በወርቁ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩ መንገድ ለቀቁ። አንዱ፣ «በእሁድ ሰክሮ!» አለ። የኔነሽ እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች። ወንጌላዊ ተካልኝ፣ «ወንድም ወርቁ፣ በጸሎት እናስበዋለን» አሉ። እኔ ነደደኝ። «ይኸው የምታለቅሱለት ልጅ! ኑ አግዙት!» ብዬ ጮህኩ። ማንም አልመጣም። በማን ላይ ነበር የጮህኩት? እኔስ ከነሱ በምን እሻላለሁ?

በሳምንቱ ኢዩኤል ሻይ ሊጠጣ መጣ። ወርቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ልጁን፣ «ምን ነካህ ልጄ? ሃያ ቀን ችለህ?» አልኩት።

«ሥዕሉ ቢታይ ኖሮ እኮ አልወጣም ነበር እትዬ» አለኝ፤ ሰው ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ነው የሚያወራው። «ተዋናይ መሆኑን አይ ነበር፤ ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ጨለማ ውስጥ ስሰማው ግን ራሴ ነኝ። ያቺን ቀጭ የምትለዋን ስሰማ ክንዴ ተነሣ። በአራተኛው እግሬ በራሱ ሄደ።»

ወርቁ ሰማ። ቀስ ብሎ ሁለቱን መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው፤ የጎማ ጥላሸት ያለባቸው ትልልቅ እጆች ናቸው። «አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ ዓይኔን ያነሣሁት» ልለው ፈልጌ የሻዩን ብርጭቆ አነሣሁ። በሚቀጥለው ወር ፊልም ሲታይ ሌላ ሰው ካርቶን ያዘ። ወርቁ ከዚያ ወዲህ ፊልም ባለበት እሁድ ወደ አዳራሹ አይሄድም።

ሁለተኛ እግር ለእግር ታሰሩ፤ ስድስት ቀን። ሦስተኛ ታሰሩ፤ ሁለት ቀን። አራተኛ ወርቁ የጎማውን ቁራጭ ሲያነሣ ኢዩኤል እግሩን ሰበሰበ። ሕዝበ ውሳኔው መጣ፣ ጁባ ጨፈረች፤ እኛም በሰው ደስታ ጨፈርን። ያ ፊልም ግን ተወደደ። ሴቶቹ ምግብ ቤቴ መጥተው፣ «ያ የሚያስለቅሰው ፊልም መቼ ይደገማል?» ይሉኛል። እንባ ሲያልቅ ሰው ይቀለዋል መሰለኝ። እኔን ግን አልቀለለኝም።

ከትናንት በስቲያ በምሳ ሰዓት ወርቁ ኢዩኤልን ደግፎ ይዞት መጣ። ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ነበር፤ ካቶር አንድ ቤት ደጅ አግኝቶት ነው፤ ድሮ ውሃ ያደርስላቸው የነበሩ ሴቶች ናቸው ጠቁመውት። ፍርፍር አቀረብኩላቸው። ልጁ ሁለት ጉርሻ በላና አቆመ። ክንዱን አላየሁም፤ ማየት አልፈለግኩም። ወርቁ ሦስተኛውን ጠቅልሎ ወደ ልጁ አፍ አስጠግቶ ይጠብቃል።

«ወንድሜ» አለ ኢዩኤል፣ «ያ ፊልም ላይ ያለው ልጅ መጨረሻው ምን ሆነ?»

ወርቁ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። ስለ ደፈነው ጎማ እንኳ የማይዋሽ ሰው ነው። ያንን ሞት ሦስት ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ አይቶታል፤ ይኼ ልጅ እንዲያየው ብሎ ነው ያ ሁሉ የሆነው።

«ዳነ» አለው።

ኢዩኤል ቀና አለ። በስንት ወር ዓይኑ ሲገለጥ ያየሁት ያኔ ነው፤ ያ ቦቴ ነጂ ልጅ ለአንድ አፍታ ተመልሶ መጣ።

«እውነት? ምን አድርገው አዳኑት?»

ወርቁ ወደ እኔ ዞረ። ኢዩኤልም እሱን ተከትሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁለቱም መልሱን ከእኔ ይጠብቃሉ። «ውሃ ላምጣላችሁ» ብዬ ተነሣሁ።